የጆንያው ክር

ዛሬ ነፋሱ ደህና ነው፣ አይደል ልጄ? ቀይዋ ላምም አላስቸገረችኝም… ተቀመጪ እስኪ። በሩን አትዝጊው፣ አየር ይግባ። ልጅ ለትዳር ሊጠይቅ መጥቶ በረንዳ ላይ የተቀመጠ እንግዳ ቢኖርስ፣ ከሰው የሚደበቅ ምን ወሬ አለን?

እኔ ብዙ አላወራም። ግን ጥሩ ሰው ቤት ድረስ መጥቶ ዝም ይባላል? ትናንት እራት ላይ ሰምተሽ የለ፣ «ብሩሽ ብቻውን አይበቃም፣ የጥርስ መሃል በየቀኑ በክር መጽዳት አለበት» ሲባል? እውነት ነው እኮ። እኔ ዕድሜዬን ሙሉ በስንጥር ስጎረጉር… ስንቱን ጥርስ ቀበርኩት!

ታዲያ ክሩን ቤቱ ረስቶ የመጣ ሰው ምን ያድርግ? ጥርሱን ሳያጸዳ ይዋል? ጋሪው ላይ ስንዴ አለ። የጆንያው አፍ ተሰፍቷል፣ የክሩ ጫፍ ተንጠልጥሏል። የእኔን አሰፋፍ ታውቂዋለሽ፣ ወፍጮ ቤት እንዳልቸገር ጫፉ ሲሳብ እስከ ዳር ይተረተራል። እሱ ይሄን በምን ይወቅ? ሳብ አደረገ… መጣለት። ደግሞ ሳበ… መጣለት። ምን አጠፋ?

አህያዋን ከጋሪው ጋር ስጠምድ እኮ አጠገቤ ቆሞ ነበር፣ የኔ ልጅ። ሊያግዘኝም ሳይፈልግ አይቀርም። ሁለቱም እጁ አፉ ውስጥ ሆኖበት እንጂ… እኔም ክሩን ከቤቱ ያመጣው መስሎኝ «ጎበዝ» አልኩት።

አህያዋን ነድቼ ወጣሁ። የሰፈሩ ዶሮ ሁሉ ከኋላዬ ሲንጋጋ «ዛሬ ምነው እንዲህ ወደዱኝ?» አልኩ። ባለወፍጮው ጆንያውን አየና «አባባ፣ ምኑን ልፍጭልዎት?» አለኝ። ዶሮዎቹ ግን እንዲህ ያለ ቸር ሰው አይተው አያውቁም።

እሺ በለው ብለሽ ለምነሽኛል። እሺ ብያለሁ። ምን ይወጣለታል? ከጥርሱ መሃል ፍርፋሪ አይቀር፣ ከሳህኑ ላይ ፍርፋሪ አይቀር… እንዲህ ያለ ንጹህ ሰው ከየት ይገኛል?

ነይ ልመርቅሽ። በረንዳ ላይ የሰማም ካለ፣ አፉ ሥራ ካልያዘ፣ አሜን ይበል።

ቤታችሁ ይሙላ። ጎተራችሁ አይጉደል። ልጆች ውለዱ፣ ብዙ ልጆች። ጥርሳቸው የአባታቸውን ይምሰል።

የቀረው ሁሉ… ያንቺን።