ፕሮግራሙ የዋጣቸው ፊደላት

በረዶው ሲያስቸግር በሰነበተበት ሳምንት፣ አንድ ጠዋት ወደ ሥራ ስገባ ሁለት ባልደረቦቼን ደረጃው ላይ ሲከራከሩ አገኘኋቸው። አቶ ኦርቪል ሌህቶ፣ ከካናዳዋ ሰንደር ቤይ ከተማ ለሰሜን መንደሮች፣ መልእክታቸውን እየተቀበልን፣ የሕመምተኛ አውሮፕላን የምንልክበትን ፕሮግራም የጻፉ ሽማግሌ ናቸው። ናዲን ሳካኒ ደግሞ ከእነዚያው መንደሮች የመጣች፣ ኮምፒውተር የተማረች ወጣት ናት።

«ልጄ፣ የእኔ ፕሮግራም አንድ ቀን እንኳ ቆሞ አያውቅም» ይላሉ እሳቸው።

«አይቆምማ! አፉን ለጉመውታል። የማያውቀው ፊደል ሲመጣ ዝለል ብለውታል።»

«ታዲያ ምን ላድርግ? በእናንተ በመንደሮቹ ሰዎች ጽሕፈት፣ በክሪ ፊደል፣ የተጻፈ በመጣ ቁጥር ቀጥ ይል ነበር። ሥራ ከሚያስፈታን ቢዘል አይሻልም?»

«አክስቴ ታምማ ‹አውሮፕላን ላኩልኝ› ብላ በዚያው ፊደል ነው የጻፈችው» አለች። «እዚህ የደረሰው ባዶ መስመር ነው። መልእክት ተቀባይዋ ተረኛ በስሕተት የተላከ መስሏት ዘጋችው። አክስቴን ትናንት ቀበርናት።»

አቶ ሌህቶ ባርኔጣቸውን አወለቁ። እኛ የዚህ ሙያ ሰዎች ክፉ ልማድ አለን፤ ጩኸቱን ካጠፋን ስሕተቱን ያጠፋን ይመስለናል።

ገብተን ኮምፒውተሩ ላይ ጥቁሩን የትእዛዝ መስኮት ከፈትን።

«መልእክቶቹ እንደመጡ በሚቀመጡበት ዋና ፋይል ላይ ፊደሎቹ አሉ» አለች ናዲን። «ኮምፒውተር የሚያውቀው ቁጥር ነው። የትኛው ቁጥር የትኛው ፊደል እንደሆነ ካልነገሩት ይገምታል። የእርስዎ ደግሞ ዓለም ሁሉ እንግሊዝኛ ይጽፋል ብሎ ገመተ።»

«የት ላይ ነው የምነግረው?»

«ሲያነብ፣ ስክሪን ላይ ሲያወጣ፣ ፋይል ላይ ሲጽፍ። በሦስቱም ቦታ ዩቲኤፍ-8 ይበሉት፤ እሱ የሁላችንንም ፊደል የሚይዝ የቁጥር ሰንጠረዥ ነው። ማንበብ ካቃተው ‹ስሕተት አለ› ብሎ ይጩህ እንጂ አይዋጥ።»

«ቢጮህ ተረኛው ሥራ ይፈታላ!»

«ይፍታ! ስልክ አንሥቶ መንደሩን ይጠይቅ።»

«እሺ፣ አሸነፍሽኝ» ብለው አቶ ሌህቶ ‹ዝለል› የሚለውን የገዛ ትእዛዛቸውን በገዛ እጃቸው አጠፉ፤ በሦስቱም ቦታ ዩቲኤፍ-8 ጻፉ። ከእንግዲህ የመንደሩ ሰው በራሱ ፊደል ቢጽፍ ቃሉ ሳይጎድል ይደርሳል፤ አውሮፕላኑም ይነሣል።

ለሙከራ የዓመቱን የተዘጉ መልእክቶች በታረመው ፕሮግራም አሳለፉ። ባዶ የነበሩት መስመሮች በፊደል ተሞሉ።

«ምን ይላሉ?» አሉ አቶ ሌህቶ።

«‹ልጄ መተንፈስ አቃተው።›» እየተረጎመች ያነበበችው ናዲን ወደ ቀጣዩ መስመር አለፈች። «‹ማንም አልመጣም፤ ደግሜ ልጻፍ?›»

ሽማግሌው ፊታቸውን በእጃቸው ሸፈኑ። «በቃሽ ልጄ፣ ተይው።»

«አልተውም፤ ይስሙ» አለችና ቀጣዩን አነበበች።