ክቡ፣ ጥያቄ ምልክቱና ግማሹ አሜን

ክቡር ዳይሬክተራችን፣ ክቡራትና ክቡራን፣ የአየር ፎቶ ክፍል ባልደረቦቼ፤

ሥራችሁን ጥላችሁ፣ ወንበራችሁን ተሸክማችሁ፣ በዚህች ጠባብ የስብሰባ ክፍል ስለ እኔ ብላችሁ ስለተጣበባችሁ እግዜር ይስጥልኝ። ኬኩ ክብ ነው። የሰጣችሁኝ የግድግዳ ሰዓትም ክብ ነው። በአጋጣሚ ነው እንዳትሉኝ። ሃያ ዓመት ሙሉ «እትዬ ክብ» ስትሉኝ ኖራችሁ፣ ዛሬ በስጦታ አጸናችሁት።

እንግዶችም ስላላችሁ፣ በተለይ ደግሞ ባለቤቴ ሥራዬ ምን እንደሆነ ዛሬም በቅጡ ስላልገባው፣ ባጭሩ ልንገራችሁ። የጥንት ሰው ቦይ ቆፍሮ ሄደ እንበል። ቦዩ ተደፈነ፣ ተረሳ፣ በላዩ ታረሰ። ነገር ግን የተደፈነ ቦይ አፈሩ ልልና ጥልቅ ስለሆነ ውሃ ይይዛል፤ እዚያ ላይ የበቀለው ገብስ ከጎረቤቱ ይረዝማል፣ ልምላሜውም ይቆያል። ከሥሩ የድንጋይ ግንብ ካለ ደግሞ ገብሱ ቀድሞ ይገረጣል። መሬት ላይ ቆማችሁ ብታዩት ገብስ ነው። ከአውሮፕላን ስታዩት ግን የቤትና የአጥር ንድፍ ነው። ሆድ ያባውን ብቅል ያወጣዋል ይባል የለ? ምድር ያባችውን ደግሞ ገብስ ያወጣዋል።

ይህን ዓይን ይዤ ቤት መግባቴ ግን አልበጀኝም። ባለቤቴ ምሳ ሲበላ አናቱን ሳጠና ያዘኝ። ምን እንደማይ ቢጠይቀኝ «እዚህ ጋ የሳሳው፣ ከሥሩ ድንጋይ ይኖር ይሆን?» አልኩት። ሁለት ቀን አኮረፈኝ።

ደግሞም አውሮፕላን ያስመልሰኛል። ደብቄው አላውቅም፤ ልደብቀውም ብል አይቻልም። ካፒቴናችን የበረራ መዝገቡ ላይ ከነዳጁ ቀጥሎ «ፌስታል፦ ሦስት» ብሎ ይጽፋል።

እሺ፣ ስለ ጉድጓዶቹ ካልተናገርኩ እንደማትለቁኝ አውቃለሁ።

በዘጠነኛው ዓመቴ አንድ ፎቶ ላይ ረጅም አራት ማዕዘን፣ ዙሪያውን የምሰሶ ጉድጓዶች፣ ከጀርባው ደግሞ በሰልፍ የቆሙ አራት ክብ ነጠብጣቦች አየሁ። የእነሱን ያህል የለመለመ ገብስ አይቼ አላውቅም። አሥራ አንድ ገጽ ጻፍኩ። «የጥንት የአምልኮ አዳራሽ፣ ከአራት የመሥዋዕት ጉድጓዶች ጋር» አልኩ። የዚያን ጊዜው ዳይሬክተር፣ ነፍሳቸውን ይማር፣ እጅጌያቸውን ሰብስበው ራሳቸው ቁፋሮ ጀመሩ። እስከ ጉልበታቸው እንደገቡ የእርሻው ባለቤት፣ አንድ ሽማግሌ፣ ምርኩዛቸውን ይዘው መጡና ምን እንደምንፈልግ ጠየቁን። ነገርናቸው።

«ልጆቼ፣ እዚህ እኮ አምና ልጄን ስድር ድንኳን የተከልኩበት ነው» አሉ።

«ጉድጓዶቹስ?» አልኩ።

ዳይሬክተሩን ከላይ እስከ ጉልበታቸው አዩዋቸውና አዘኑ። «እንግዳው ብዙ ነበር» አሉ።

ከዚያ ወዲህ በዚህ ቢሮ ማን ያምነኛል? እስከ ዛሬ መጸዳጃ ቤት የሚሄድ ሁሉ «መሥዋዕት ላቀርብ ነው» ብሎ ነው የሚነሳው።

ታዲያ ከዚያ በሁለተኛው ዓመት፣ በድርቅ፣ ከወፍጮ ቤቱ ጀርባ ባለው ዳገት ላይ እውነተኛውን የጥንት ግቢ አየሁ። አንዱ በአንዱ ውስጥ ያሉ ሁለት ክቦች፣ በራቸው ወደ ፀሐይ መውጫ። አንድ ፎቶ እንዳነሳሁ ፊልሙ አለቀ። ካርታ ነዳፊያችን፣ ያቺ ጥግ ላይ ኬኳን የጨረሰችው ወዳጄ፣ ክቡን ነደፈችና ከጎኑ ጥያቄ ምልክት አኖረች። ደንቧ ነው፤ አንድ ፎቶ ብቻ ያለው ነገር ጥያቄ ምልክት ይለጠፍበታል፣ የሚነሳለትም በሌላ ዓመት ዳግም ከታየ ነው። «ድንኳን እንዳይሆን ብዬ ነው» አለችኝ። ስሜንም ያን ጊዜ ነው ያወጣችሁልኝ።

ከዚያ በኋላ ዝናቡ አንድ ዓመት እንኳ ሳያጓድል ዘነበ። ገብሱ ሁሉ እኩል አማረበት፣ ክቤም ተሸፈነ። ገበሬው ሲወፍር እኔ ከሳሁ። እዚህ ላይ የምናዘዘው ነገር አለኝ። ሰው ሁሉ «ዝናብ ይስጠን» ሲል፣ እኔ አሜኔን በግማሽ ነበር የምለው። አፍርበታለሁ፣ ግን እውነት ነው። ያ ጥያቄ ምልክት ስለ ክቡ ሳይሆን ስለ እኔ የተጻፈ ይመስለኝ ነበር። እሱን ትቼ ጡረታ መውጣቱን ሳስበው እንቅልፍ አይወስደኝም ነበር።

ዘንድሮ ዝናቡ ቀረ። እግዜር ሳይደግስ አይጣላም እንዲሉ፣ ከሦስት ሳምንት በፊት ለመጨረሻ በረራዬ ወጣን። ወዳጄም ልትሸኘኝ ካሜራውን ይዛ አብራን ገባች። ወፍጮ ቤቱ ጋ ስንደርስ፣ ሃያ ዓመት በጠበቅኳት ደቂቃ፣ የት ነበርኩ መሰላችሁ? ፌስታል ውስጥ።

«እትዬ ክብ፣ ፌስታሉን ይተዉትና ወደ ታች ይዩ» አለኝ ካፒቴኑ።

ቀና ስል አልፈነዋል። ያየችውም፣ ፎቶውን ያነሳችውም እሷው ናት፣ ባለ ጥያቄ ምልክቷ። ዓይኗ እንባ አቅርሯል። እሷ ንፋስ ነው ትላለች። ካፒቴኑ ዞሮ መለሰን፤ እኔም አየሁት። በዚያ ሁሉ ቢጫ መሐል ሁለት አረንጓዴ ክቦች፣ በራቸው ወደ ፀሐይ መውጫ።

ዛሬ ጠዋት ካርታውንና ምላጭ ይዛ ጠረጴዛዬ ድረስ መጣች። «አንቺ ፋቂው» አለችኝ። ፋቅኩት። ካርታውን ወደ መስኮቱ ብታነሱት ግን ወረቀቱ ሳስቶ ጥያቄ ምልክቱ አሁንም ይታያል። ይታይ። የተቀበረ ሁሉ እንደማይጠፋ ከእኛ በላይ ማን ያውቃል?

ነገ ጠረጴዛዬ ሲነሳ ምንጣፉ ላይ ቀለሙ ያልለቀቀ አራት ማዕዘን፣ ከጎኑም አንድ ክብ ታገኛላችሁ። ክቧ የቆሻሻ ቅርጫቴ ናት። አደራ፣ አሥራ አንድ ገጽ እንዳትጽፉባት። «እዚህ ሰው ተቀምጦ ነበር» በሉ፣ ይበቃኛል።

ክቡር ዳይሬክተር፣ ጉድጓድ ከመግባትዎ በፊት ባለ መሬቱን የሚጠይቅልዎት ሰው አይጡ። ካፒቴን፣ ወጥተህ በሰላም ግባ፣ መዝገብህም ንጹሕ ይሁን። ወዳጄ፣ እጅሽ አይንቀጥቀጥ፤ ጥያቄ ምልክትሽንም አትተዪ። ሁላችሁንም ልጆቻችሁን ለመዳር ያብቃችሁ፤ ድንኳኑን የት እንደተከላችሁ ግን ለቢሮው አስታውቁ።

በመጨረሻ፣ የዚያ ዳገት ገበሬ ገብሱ እየደረቀበት ነው። ክቡ እንደሆነ ፎቶው ላይ አለ፣ እንግዲህ ይሸፈን። ዝናብ ይስጠን።

አሜን። ይኸው፣ ሙሉውን።