ሽታው ሲጠፋ

ከሐኪም ቤት ስመለስ የልጅ ልጄን ቆዳ ፋብሪካው በር ላይ ድንገት አገኘኋት። ቀይ ጽሑፍ ያለበት ሰሌዳ ታቅፋለች። እዚያ የሥራ ደህንነት ተቆጣጣሪ ሆና ከተቀጠረች ወዲህ እኔ እንቅልፍ የለኝም፤ ተከተልኳት።

ጓሮ ስንደርስ ታናሽ ወንድሜ፣ የፋብሪካው ፎርማን፣ ከፍሳሽ ጉድጓዱ አፍ ላይ ሱሪውን ሰብስቦ ቆሟል። ክዳኑ ከጠዋት ጀምሮ ክፍት ነው። በዙሪያው ዝንብ እንኳ አይታይም። ቆዳ በሚለፋበት ቦታ ዝንብ ሲጠፋ ደስ አይልም።

«አባባ፣ እባክዎ አይውረዱ» አለችው።

«ቱቦው ተደፍኗል። ሰሌዳሽ ምን ይላል?»

«ዴንጀር። በእንግሊዝኛ አደጋ ማለት ነው።»

«ጉድጓዱ እንግሊዝኛ ይችላል?»

አብረውት የቆሙት ሠራተኞች ሳቁ። እሷ ግን ትምህርቷን አልተወችም።

«ድሮ ቃሉ የጌታ ሥልጣን ማለት ነበር፣ አባባ። በአንድ ጌታ ዴንጀር ውስጥ ያለ ሰው በእጁ ነው፤ ሲሻው ይቀጣዋል፣ ሲሻው ይምረዋል። ጉዳት ማለት የሆነው ቆይቶ ነው።»

«እንግዲያው እዚህ ጌታው እኔ ነኝ።»

«እዚህ ጉድጓድ ላይስ እርስዎም በሌላ እጅ ነዎት።»

«እኛም ደንብ አለን ልጄ። ሲሸት አንወርድም፤ ሽታው ሲጠፋ እንወርዳለን። አሁን ጠፍቷል።»

«ባለፈው የወረደው ጠራጊስ?»

ጠራጊው ከታች ሆኖ «ኧረ ምንም አይሸትም» ብሎ ሲስቅ ሁሉም ሰምተውታል። ሳቁ ሳያልቅ ድምፁ ጠፋ። ከዚያ ወዲህ ስሙን የሚያነሳ የለም።

«ልቡ ነው የገደለው» አለ ወንድሜ።

«አይደለም። ከፍሳሹ የሚወጣው ጋዝ አስቀድሞ የሚገድለው አፍንጫን ነው። ሲበዛ ጭራሽ አይሸትም።»

«ይሄ የመጽሐፍ ወሬ ነው።»

እኔን ከበሩ ጀምሮ የገማ እንቁላል ሽታ ከርፍቶኝ አፌን በሻሼ ሸፍኛለሁ። ሻሼን ከአፌ አነሳሁና «አንተ፣ ይሄ ሁሉ ግማት አይሸትህም?» አልኩት።

«የቱ ግማት?»

ሲቀልድ አውቀዋለሁ፤ አልቀለደም። ሠራተኞቹን ዞሮ አያቸው። አንዱ «እኔም አይሸተኝም» ብሎ ራሱን ነቀነቀ፣ ሌላውም።

«እትዬ፣ አትጫወቺብኝ።»

«ልሙትልህ፣ ሊያስመልሰኝ ነው።»

እጅጌውን አሸተተ፤ መዳፉን አሸተተ። ከዚያ ዓይኑን ከጉድጓዱ ሳይነቅል፣ ውሻ እንደሚፈራ ሰው ቀስ ብሎ ወደ ኋላ ሸሸ። «ሁላችሁም ከዚህ ራቁ» አለ።

ፓምፕ መጥቶ ፍሳሹ ተቀዳ፤ አየርም ሲነፋበት ዋለ። በባትሪ ሲያበሩ ከጉድጓዱ መሰላል እግር ሥር አንዲት ድመት ተጠቅልላ ታየች። የተኛች ነበር የምትመስለው።

ዛሬ እዚያ በአፍንጫ የሚታመን የለም። አየሩ በመሣሪያ ይለካል፣ የሚወርደው ገመድ ይታጠቃል፣ ከላይ ጠባቂ ይቆማል። ሥራው ትንሽ ይዘገያል፤ የወረደው ግን ይወጣል፣ እናቱም ደጅ ደጁን ስታይ አታመሽም። ሽማግሌም ከልጅ ቢማር ክብሩ አይጎድልም።

ወንድሜ አሁን ከሥራ ሲወጣ እኔ ዘንድ ጎራ ይላል። ሳይቀመጥ እጁን ወደ አፍንጫዬ ያቀርብና «እትዬ፣ ይሸታል?» ይለኛል።