የቂርቆሷ ጧፍ ሠሪና የኮሎኔሉ መኪና

በእኛ ጊዜ፣ በጣሊያን ዘመን ማለቴ ነው፣ መኪና እንዲህ እንደ አሁኑ በየደጁ አይቆምም ነበር፣ ካዛንቺስም የሹማምንቱ ቤት ገና እየተሠራ ነው፣ መኪና ያለው እነሱ ዘንድ ነው፣ እኛ ሲያልፍ አቧራውን ነው የምናውቀው። ታዲያ አንተ ዛሬ በቀትር፣ በዚያ ፀሐይ፣ መኪናህን ሰም ስትቀባ ሳይህ ሳቄ መጣ። "ምን አጠፋሁ እማማ?" አልከኝ። ተቀመጥ፣ ልንገርህ።

እኔ ያኔ ቂርቆስ ታች ጧፍ እሠራለሁ። እናቴም ጧፍ ሠሪ ነበረች፣ እና ሰም ማለት እኔ ዓይኔን ጨፍኜ በጣቴ የማውቀው ነገር ነው። ባሌ ወልዴ ደግሞ ካዛንቺስ፣ አንድ የጣሊያን ጋራዥ ውስጥ መኪና ያጥባል። ዝምተኛ ነው ወልዴ፣ በጣም ዝምተኛ። የጋራዡ አለቃ ማርዮ የሚባል ሆዳም ጣሊያን ነው፣ አማርኛ ይሞክራል። ታዲያ አንድ ቀን የአንድ ኮሎኔል ጥቁር መኪና መጣ፣ ትልቅ ሹም ሊቀበሉበት ነውና እንደ መስታወት ይሁን ተባለ። ከአገራቸው የሚመጣው የመኪና ሰም ደግሞ አልቋል። ማርዮ ምን አደረገ፣ የቤት ወለል የሚያሹበትን ሰም አመጣና "ቀባ፣ ብዙ ቀባ" አለው።

"ጌታዬ፣ ብረቱ ግሏል፣ መጀመሪያ ጥላ እናስገባው" አለ ወልዴ።

"አንተ ዝም። ቀባ።"

እና ቀባ፣ ምን ያድርግ። ሰሙ በፀሐዩ እላዩ ላይ ደረቀ፣ አመድ የነፉበት መሰለ፣ ቢያሹት አይለቅ፣ አቧራው ተጣበቀበት። ኮሎኔሉ መጥቶ ያንን ሲያይ ማርዮ ጣቱን ወደ ወልዴ ቀሰረ፣ "ሆን ብሎ ነው ያበላሸው" አለ። ሆን ብሎ ማለት በዚያ ዘመን ምን እንደሆነ ታውቃለህ? ከአርበኞች ጋር ነህ ማለት ነው። ነገ ጠዋት ይወሰዳል ተባለና ጋራዡ ጓዳ ውስጥ ዘጉበት። እንዲያ የተወሰደ ሰው ደግሞ አይመለስም ነበር።

ወሬው ሲደርሰኝ ሰም እያጣራሁ ነው። አላለቀስኩም። የተጣራውን ሰም በእንቅብ፣ አሮጌ ነጠላዬን በብብቴ ይዤ ካዛንቺስ ድረስ በእግሬ ሄድኩ።

"አንቺ ምን ፈለገ?" አለኝ ማርዮ በሩ ላይ።

"ባሌን።"

"ባል የለም። ነገ ይሄዳል።"

"መኪናው ካበራስ?" ብዬ ሰሙን አሳየሁት። ሆዱን ይዞ ሳቀ። "ይሄ ሻማ አይደለም ሴትዮ፣ ይሄ ማኪና ነው።"

"እሺ፣ ኮሎኔሉ ነገ መጥቶ መኪናውን እንዲህ እንዳለ ቢያገኘውስ፣ አንተን ምን ይልሃል?" አልኩት። ሳቁ ቆመ። በሩን ከፈተ።

ታዲያ ሰሙን በሙቅ ውሃ ላይ አቀለጥኩት፣ ከእሳቱ አራቅሁና አኳራጅ፣ ያ ቀለም የሚያቀጥኑበት፣ ጠብ ጠብ አደረግሁበት። ከጋራዡ ጀርባ የተጣለ ፓራፋንጎ፣ ያ ከጎማው በላይ ያለው የጭቃ መከላከያ ብረት፣ ነበር፣ በእሱ ላይ ሞከርኩ። የመጀመሪያው እጅ ላይ ይጣበቃል፣ እንዲያ ከሆነ አቧራ ይይዛል፣ ተውኩት። ሁለተኛው ቀጠነ፣ ወዙ ጠፋ። ሦስተኛው ልክ እንደ ቅቤ ሆነ፣ ወልውዬ ውሃ ብረጭበት ውሃው ድቡልቡል እያለ ወረደ። ይሄ ነው አልኩ።

ወልዴ በጓዳው ሳንቃ ቀዳዳ ያየኛል፣ እና ያ ዝምተኛ ሰው ተናገረ። "አስካለ፣ በኮፈኑ እንዳትጀምሪ። ከኋላ ጀምሪ፣ እጅሽ ይልመድ።"

"መቼ ልቅባ?"

"ብረቱን በእጅሽ ጀርባ ንኪው። ከቀዘቀዘ ቅቢ።"

እሱ መኪና ያውቃል፣ እኔ ሰም አውቃለሁ። ማርዮ ያስቀባውን የወለል ሰም በአኳራጅ አነሳሁ፣ በጥላ አጠብኩ፣ አደረቅሁ። ከዚያ በስሱ፣ አለ የለም እስኪባል፣ በትንንሹ እያዞርኩ ቀባሁ፣ አንዱን በር ሳልጨርስ ወደ ሌላው አልሄድም። መስታወት ላይ ሲተነፍሱበት እንደሚደበዝዘው ሲሆን በነጠላዬ ወለወልኩት። ፀሐይ ሳትጠልቅ ጨረስኩ። ልጄ፣ በዚያ ኮፈን ላይ ጥርሴን መቁጠር እችል ነበር።

በማግሥቱ ጠዋት ኮሎኔሉ ከአስተርጓሚው ጋር መጣ። ዞረው፣ ደግሞ ዞረው፣ ጢሙን ኮፈኑ ላይ እያየ አስተካከለ። አንድ ነገር ጠየቀ፣ ማርዮ ቶሎ ብሎ መለሰ። "ምን አሉ?" አልኩት አስተርጓሚውን። "ሰሙ ከሮማ መቼ ደረሰ ነው የሚለው፤ ማርዮ ትናንት ደረሰ አለው" አለኝ በሹክሹክታ።

"ከቂርቆስ ነው በለው።"

"ተዪው እህቴ፣ ይቅርብሽ።"

"በለው። የሠራሁት እኔ ነኝ፣ ባሌ በፀሐይ አይቀባም ብሎ ነበር፣ አልሰማ ያለው ይሄ ነው በለው።"

አስተርጓሚው ነገረው። ኮሎኔሉ ማርዮን "ሰሙ የመጣበትን ቆርቆሮ አምጣ" አለው። የቱን ያምጣ? ፊቱ ቲማቲም መሰለ። ኮሎኔሉ ጎንበስ ብሎ ኮፈኑን አሸተተ፣ እና "ሚዬሌ" አለ። "ማር ነው የሚሸተው አለ" አለኝ አስተርጓሚው። ኮሎኔሉ ቀና ሲል ጓዳውን በጣቱ አሳየ፣ ማርዮ በገዛ እጁ ከፈተው።

ወልዴ ወጣ። እኔ ያቅፈኛል ብዬ ስጠብቅ እሱ መኪናውን አንድ ጊዜ ዞረና በጆሮዬ "በግራው በር ታች ትንሽ ረስተሻል" አለኝ።

ከዚያ ወዲያማ ማርዮ ባርኔጣውን አውልቆ ቂርቆስ ድረስ እየመጣ "ሲኞራ፣ ሰም" ይለኝ ጀመር። እየሠራሁ ሰጠሁት፣ አሠራሩን ግን አገራቸው እስኪገቡ አልነገርኩትም።

"እማማ፣ በግራው በር በኩል ግን እውነት ረስተው ነበር?"

ረስቻለሁ እንጂ። አርባ ዓመት አብረን ስንኖር ግን አንድ ቀን አላመንኩለትም። (ሳቅ)