እናት የምታርፍበት ቤት

ፀጉሩ ሳያድግ ፀጉር ቤት የሚገባ ሰው የለም፤ እኔን ያስገባኝ ዝናብ ነው። ከማስተምርበት ትምህርት ቤት ወጥቼ ወደ ቤቴ ስጣደፍ ሰማዩ ድንገት ተቀደደና፣ በቅርብ ያገኘሁት የሰፈራችን ፀጉር አስተካካይ በር ሆነ። ገብቼ ካፖርቴን ሳራግፍ፣ ነጭ ጨርቅ አንገታቸው ድረስ ተጠምጥሞላቸው ወንበሩ ላይ የተቀመጡት ጎረቤቴ ጋሽ ፍሬቻ መሆናቸውን በመስተዋቱ አየሁ።

ጋሽ ፍሬቻ ዕድሜያቸውን ሙሉ አገር አቋራጭ አውቶቡስ ሲነዱ ኖረው ጡረታ የወጡ ሰው ናቸው። ስሙን ያወጡላቸው ረዳቶቻቸው ናቸው፤ ወሬ ሊቀይሩ ሲሉ አስቀድመው፣ መታጠፊያ እንደሚያሳይ የመኪና ፍሬቻ፣ እጃቸውን ወደ አንዱ ጎን ይዘረጋሉና። እሳቸውም አልተቀየሙም። "ሳያሳይ ከሚታጠፍ ሰው ይሰውራችሁ" ይላሉ።

ሰላምታ ተለዋውጠን ሳንጨርስ ትንሿ ልጃቸው ገባች። ነርስ ናት፤ ከሥራ መምጣቷ ነበር። ጃንጥላዋን ጥግ ላይ አስደግፋ አባቷ አጠገብ ቆመች።

"አባባ፣ ቤት ተገኘ" አለች። "ሐይቁ ዳር ነው። ብዙ መኝታ ክፍል፣ ሰፊ ሳሎን፣ ልጆቹ የሚሯሯጡበት ግቢ አለው። ሁላችንንም ይይዘናል።"

"የማን ቤት?"

"ለእረፍት የሚከራይ ነዋ። ባለቤቷ ለእንግዳ ብላ ያሰናዳችው።"

ጋሽ ፍሬቻ ከጨርቁ ሥር ቀኝ እጃቸውን ዘረጉ። "መንገድ የወጣ ሰው ማረፊያው ሆቴል ነው። የሰው ቤት ገብቼ አላድርም።"

ነገሩ እንዲህ ነው። ቤተሰቡ በሙሉ፣ በሌላ ከተማ የሚኖሩት ሁለቱ ወንዶች ልጆች ከነሚስቶቻቸውና ከነልጆቻቸው ጭምር፣ ለመጀመሪያ ጊዜ አብረው እረፍት ሊወጡ ተስማምተዋል። ያልተስማሙት በማረፊያው ነው። አባትየው "ሆቴል ካልሆነ ቀረሁ" ብለዋል። እሳቸው ከቀሩ ባለቤታቸው ይቀራሉ፤ እናት ከሌሉበት ደግሞ ልጆቹ ማን ጋ ነው የሚሰበሰቡት?

"ሆቴል ስትገቢ የሚቀበልሽ አለ" አሉ ጋሽ ፍሬቻ። "ውኃ ቢጠፋ የምትጣሪው፣ አንሶላው ባይነጣ የምትቆጪው አለ። ዘበኛው በር ላይ ያድራል። ደግሞስ ማን ሲተኛበት እንደኖረ በማላውቀው አልጋ ላይ ልተኛ?"

"የሆቴሉ አልጋ ላይ ትናንት ማን እንደተኛ ያውቃሉ አባባ?"

የአስተካካዩ መቀስ ቀጥ አለ። ጋሽ ፍሬቻ በመስተዋቱ ውስጥ ገረመሙት፤ መቀሱ ሥራውን ቀጠለ።

"ባለፈው ለሠርግ ሄደን ሆቴል ስናርፍ የሆነውን ያስታውሱ" አለች ነርሷ በለሰለሰ ድምፅ። "እርስዎና እማማ ላይኛው ፎቅ፣ እኔ ታች፣ ወንድሞቼ በየጥጉ። ልጆቹ ኮሪደሩ ላይ በሮጡ ቁጥር 'ዝም በሉ' ስንል ዋልን። የሕፃኑን ወተት ለማሞቅ አስተናጋጅ ፍለጋ ደረጃ ስንወጣ ስንወርድ። ማታ እንጫወት ብንል መቀመጫ የለም፤ አልጋ ጠርዝ ላይ ተደርድረን፣ እያዛጋን ተለያየን።"

"ሥዕል አሳይተው የሌለ ቤት የሚያከራዩስ? ሻንጣሽን ተሸክመሽ ሄደሽ ባዶ ሜዳ ቢጠብቅሽስ?"

"ይኼ ስጋት ተገቢ ነው" አልኩ እኔ፣ ጥልቅ ማለቴ ይቅር ይባልልኝና። "እንዳንቺ ያለ ሰው ምን ብሎ ነው የሚያጣራው?"

"የሥራ ባልደረባዬ ከነልጆቿ አርፋበታለች። ሌሎችም ያረፉ ሰዎች የጻፉትን፣ ያመሰገኑትንም ያማረሩትንም አንብቤያለሁ። የቤቱን ባለቤት በስልክ አነጋግሬ ክፍል በክፍል በቪዲዮ አሳይታኛለች። የመታጠቢያ ቤቱ ቧንቧ እንደሚያንጠባጥብ ሳልጠይቃት ነው የነገረችኝ።"

"ጉድለቷን አስቀድማ የምትናገር ከሆነስ ደህና ሴት ናት" አሉ ጋሽ ፍሬቻ።

ነገሩ ያለቀ መሰለኝ። ግን ግራ እጃቸው ከጨርቁ ሥር ብቅ አለና ድምፃቸው ዝቅ አለ።

"ተይው እስቲ፣ ዋናውን ልንገርሽ። ካገባኋት ጀምሮ እናትሽ ምግብ ቀርቦላት ያየሁት በዚያ ሆቴል ነው። እጇን አጣጥፋ፣ አስተናጋጁ እስኪያመጣላት ቁጭ ብላ ስትጠብቅ። የራሴን ትቼ እሷን ሳይ ምግቤ ቀዘቀዘ። አንቺ ያገኘሽው ቤት ኩሽና አለው?"

"አለው።"

"እንግዲያው እናትሽ ትገባለች። እናንተ ሐይቅ ስትዋኙ እሷ ድስት ስትፈትግ ልትውል ነው። አንቺ እረፍት ያልሽው ለእሷ ምድጃ መቀየር ነው።"

ዝናቡ ጣራውን ይደበድባል። ሽማግሌ አዲስ ነገር የሚጠላው ከልማድ ብቻ ነው የሚል ወጣት ካለ ያን ጊዜ እዚያ ቤት በኖረ። እኔ በልቤ ለልጅቱ ፈርጄ ነበር፤ አባትየው ግን ማናችንም ያላየነውን አይተዋል።

"እውነትዎን ነው" አለች ነርሷ። "አላሰብኩትም።" ጥቂት አሰበችና ቀና አለች። "እንግዲያው ኩሽናው የእማማ አይሁን። የኛ ይሁን፤ የኔ፣ የወንድሞቼ፣ የእርስዎም።"

"የኔ?"

አስተካካዩ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ፤ ትከሻው ግን ይንቀጠቀጥ ነበር።

"እንቁላል እንኳ ጠብሼ አላውቅም እኮ።"

"ጋሼ" አልኳቸው፣ "ያን ሁሉ ሰው በጭጋግ፣ በገደል አፋፍ ነድተው በሰላም ያደረሱ ሰው እንቁላል ያቅትዎታል?"

"አውቶቡሱን ስነዳ የኖርኩት እንዳይገለበጥ ነው። እንቁላሉን ግን ገልብጥ ልትሉኝ ነው" አሉ፤ ይኼኔ አስተካካዩ መቀሱን አስቀምጦ በግልጽ ሳቀ።

"ለመሆኑ እማማን የጠየቃት አለ?" አለች ልጅቱ።

አባትና ልጅ በመስተዋቱ ውስጥ ተያዩ። የጠየቃቸው አልነበረም።

ዝናቡ ሲያባራ አባት፣ ልጅና እኔ ወደ ቤታቸው ሄድን። የጋሽ ፍሬቻ ባለቤት እትዬ መስኮቱ ሥር ተቀምጠው የልጅ ልጃቸው ሹራብ ላይ ቁልፍ ይተክሉ ነበር። የሁለቱንም ወገን አዳምጠው ክሩን በጥርሳቸው በጠሱ።

"ሆቴሉ ውስጥ ቁጭ ብዬ መብላቴን ወድጄዋለሁ" አሉ። "ሌሊቱን ግን ግድግዳ ሳይ ነው ያደርኩት፤ የልጆቼ ድምፅ የለ፣ የሕፃን ለቅሶ የለ። እኔ የሚያምረኝ ጠዋት ተኝቼ፣ ልጆቼ ሲንጫጩ፣ ሌላ ሰው ድስት ሲያንኳኳ መስማት ነው።"

በዚህ ተዋዋሉ። መንገዱ ረጅም ነውና መሐል ላይ ለሚያድሩበት ሌሊት ሆቴል፤ ሐይቁ ዳር ሲደርሱ ቤቱ። እትዬ ድስት ከነኩ ግን በዚያው ቀን ሻንጣ ተነሥቶ ወደ ሆቴል። ጋሽ ፍሬቻ ወደ እኔ ዞሩ። "አንተም እዚህ ውስጥ እጅህ አለበትና ትመጣለህ። ድንች የሚልጥ ሰው ያስፈልገኛል።"

ትምህርት ቤት ተዘግቶ ነበርና ሄድኩ። የመንገዱ ሆቴል ምስጋና ይገባዋል፤ ወገባችን ተቆርጦ ስንደርስ ሞቅ ያለ ውኃና ንጹሕ አልጋ ጠበቀን፤ ማንም ምንም ሳይሠራ አድሮ ተነሣ። የሐይቁ ቤት ደግሞ ልክ በቪዲዮው እንደታየው ነበር፤ ቧንቧው ሳይቀር ያንጠባጥባል።

ሁሉ ነገር አማረ ብል ውሸት ይሆናል። በመጀመሪያው ቀን ሾርባው ሳይበስል ጋዙ አለቀ። ጋሽ ፍሬቻ ማማሰያ እንደያዙ ብቅ ብለው "እንግዳ ተቀባዩን ጥሩልኝ" አሉ፤ ቤቱ በሳቅ ተሞላ። ነርሷ ለቤቱ ባለቤት ደወለች፤ ሌላ ሲሊንደር እስኪመጣ ምሳችን መክሰስ ሆነ። ልጆቹ ዳቦ በማርማላታ እየገመጡ ከዚህ የተሻለ ምሳ በልተን አናውቅም አሉ።

ታላቁ ልጅ ሳህን ያጥባል፤ ሚስቱ በሩን ተደግፋ ብርቅ እንዳየች ታየዋለች። ታናሹ ሽንኩርት እየከተፈ ያለቅሳል። እኔ ድንቼን እልጣለሁ። እትዬ በየጊዜው ይነሣሉ፤ ጋሽ ፍሬቻ ኩሽናው በር ላይ ክንዳቸውን ዘርግተው "መንገዱ ዝግ ነው፤ በመጡበት ይመለሱ" ይሏቸዋል። እየሳቁ ይመለሳሉ።

በማግስቱ እኩለ ቀን ላይ እትዬን በረንዳው ወንበር ላይ እግራቸውን እንደሰቀሉ እንቅልፍ ወሰዳቸው። ልጆቹ ግቢው ውስጥ ኳስ እያሳደዱ ይጮኻሉ። ታናሹ ልጅ ዝም ሊያሰኛቸው ሲነሣ አባትየው እጁን ያዙት።

"ተዋቸው ይጩኹ። ጠይቃ ያገኘችው ነው" አሉ፤ እሳቸውም ሽርጣቸውን እንዳገለደሙ ከአጠገባቸው ተቀምጠው፣ ባለቤታቸውን ሲያዩ ቆዩ።

ከተመለስን በኋላ ሆቴል ይሻላል ወይስ የሚከራይ ቤት የሚል ሰው በመጣ ቁጥር መልስ የሚሰጡት እሳቸው ሆኑ። አንድ እሑድ ጠዋት በደጃቸው ሳልፍ አንዱን ጎረቤት በመስኮት ሲመክሩ ሰማኋቸው።

"ደክሞህ ደርሰህ ማልደህ ለምትነሣበት ሌሊት፣ ወይም ሁለት ሆናችሁ ለምትሄዱበት ሆቴል ግባ፤ ለገንዘብህ የሚገባውን አገልግሎት ታገኛለህ። ሕፃንና አዛውንት ይዘህ፣ ብዙ ሆነህ ልትሰነብት ከሆነ ግን ቤት ተከራይ። ወጪው ለሁሉ ይከፋፈላል፤ ልጅ እንደ ልቡ ይሮጣል፤ ወንድም ከወንድሙ ጋር እስኪጠግብ ያወራል። ያረፈበትን ሰው ጠይቅ፣ ባለቤቱን አነጋግር፣ ቤቱን ሳታይ አትክፈል። ከሁሉ በፊት ግን ድስቱን ማን እንደሚያጥብ ተስማሙ። በእሱ ሳትስማሙ ከሄድክ፣ ያረፍከው በሚስትህ ትከሻ ላይ ነው።"

ጎረቤትየው እያሰበ ሄደ። እኔም ሰላም ልል ጠጋ ስል እትዬን አየኋቸው፤ ደጃፉ ላይ በፀሐይ ተቀምጠው እጃቸውን አጣጥፈዋል።

"ግባ መምህር፣ ቁጭ በል" አሉኝ። "ቁርስ እየተሠራልኝ ነው።"