በአሮጌው የጠጠር መንገድ ላይ ስለተነቀሉት ስልሳ አራት ችካሎች

የምስክር ቃል መቀበያ

የምስክሯ ሙሉ ስም፦ ኛኪም ፑዎት ታንግ
ዕድሜ፦ 33
ሥራ፦ ብስክሌት ጥገና
አድራሻ፦ ጋምቤላ ከተማ፣ ኒውላንድ
ቃሉ የተሰጠበት ቀንና ሰዓት፦ ጥር 14 ቀን 2018 ዓ.ም.፣ ከጠዋቱ 3፡20
ቃሉን የተቀበለው መርማሪ፦ ሳጅን ረታ ጥዑመልሳን
ጉዳዩ፦ አቶ ኦቻን ኡጁሉ የተባሉ የ68 ዓመት ገበሬ የመንገድ ምልክት አውድመዋል፣ ብስክሌተኞችንም አግተዋል በሚል የተጀመረ ምርመራ

እኔ ስሜና አድራሻዬ ከላይ የተጠቀሰው ምስክር በአቶ ኦቻን ላይ እንድመሰክር ትናንት በስልክ ተጠርቼ ዛሬ ቀርቤያለሁ። የመጣሁት ግን ለእሳቸው ለመመስከር እንጂ በእሳቸው ላይ ለመመስከር እንዳልሆነ ከሁሉ በፊት ይመዝገብልኝ ብያለሁ።

ከዛሬ ሁለት ዓመት በፊት በኩሌ የስደተኞች መጠለያ ነርስ ከሆነችው ጓደኛዬ ከቤዚ ጋር ቅዳሜ ቅዳሜ በአስፋልቱ ላይ ብስክሌት እንነዳ ነበር። አስፋልት ላይ ብስክሌተኛ እንደ ሰው አይቆጠርም። አንድ ቀን አይሱዙ በጎን መስታወቱ ገፍቷት ቦይ ውስጥ ወደቀችና የግራ እጇ አንጓ ተሰበረ። ሹፌሩ ዞር ብሎም አላየም። እጇ ሲድን መኪና የሌለበት መንገድ ፍለጋ ወጣን። ከጋምቤላው ቦንጋ አልፎ ወደ ተራራው የሚወጣውን አሮጌ የጠጠር መንገድ ያገኘነው ያኔ ነው። አስፋልቱ በሌላ በኩል ከተሠራ ወዲህ መኪና አይሄድበትም። ሁለት ድልድይ ፈርሶበታል፤ እዚያ ሲደርሱ ብስክሌቱን ተሸክሞ ወንዙን መሻገር ነው። ዳገቱ ሦስት ሰዓት ይፈጃል፣ ላይ ሲደርሱ ግን አየሩ ቀዝቀዝ ይላል፣ ሜዳውም እስከ ባሮ ድረስ ወለል ብሎ ይታያል። እኔ በሕይወቴ ኋላዬን ሳልገላመጥ ብስክሌት የነዳሁት እዚያ መንገድ ላይ ብቻ ነው። ስለዚህ ስለ መንገዱ ግድ የላትም የሚለኝ ሰው ካለ ውሸቱን ነው።

ይህን የሰማ አንድ የቱሪዝም መሥሪያ ቤት መንገዱን ለእንግዶች እንድናዘጋጅ ጠይቆን ለእኔ የአስጎብኚነት ፈቃድ ሰጠኝ። የመጀመሪያዎቹ እንግዶች የሚመጡት ከነገ ወዲያ ቅዳሜ ጥር 16 ነው። እንግዳ እንዳይጠፋ ተብሎም ስልሳ አራት የእንጨት ችካል አስረከቡኝ። ጥር 1 እና 2 ከታች እስከ ላይ በቁጥር በቁጥር ቸከልኳቸው። ጫፋቸውን ቀይ የቀባሁት እኔ ነኝ፤ በደረቀ ሣር ውስጥ ጎልቶ ይታያል ብዬ ነው። መንገዱ አጋማሽ ላይ ትንሽ መንደር አለች። እዚያ ስደርስ ሰው ሁሉ ቀብር ሄዶ ነበር። በአቶ ኦቻን እርሻ ዳር ስድስት ችካል ተከልኩ፣ በማንጎአቸው ግንድ ላይም ቀይ ቀስት ቀባሁ። መንገድ የሁሉ ነው፣ ማንን አስፈቅዳለሁ ብዬ ሄድኩ። ተመልሼ ልንገራቸውም አላልኩም።

ጥር 9 ቀን ቅዳሜ ለሙከራ ሰባት ሆነን ወጣን። ከመሥሪያ ቤቱ ባለሙያው አቶ ሙስጠፋ አብሮን ነበር። ረፋድ 4፡00 ገደማ መንደሯ ስንደርስ አቶ ኦቻንና ጎረቤቶቻቸው መንገዱ ላይ ተቀምጠው አገኘናቸው። የተነቀሉት ችካሎች አጠገባቸው ተከምረዋል። ሽማግሌው 27 ቁጥር ያለበትን አነሱና «ይህ ስንት ሄክታር ነው? ማን ላከሽ?» አሉኝ። «ሄክታር አይደለም አባት፣ የብስክሌት መንገድ ነው» ብላቸው አላመኑኝም። እኔም በእሳቸው ቦታ ብሆን አላምንም። ከዓመታት በፊት ልክ እንዲህ ያለ ቀይ ጫፍና ቁጥር ያለው ችካል ወንድማቸው እርሻ ላይ ተተክሎ ነበር። ለልክ ብቻ ነው ተባሉ። ክረምቱ ሲያልፍ መሬቱ ለባለሀብት ተሰጠና ዶዘር መጥቶ በቆሎውንም፣ ቀፎ የተሰቀለባቸውን ዛፎችም ጠረገው። ይህን ሲነግሩኝ አፈርኩ። ቀይ ችካል እዚህ አገር ምን ይዞ እንደሚመጣ እኔም ከልጅነቴ ጀምሮ የምሰማው ነገር ነው፣ እያወቅሁ ነው የቸከልኩት።

ብስክሌቶቻችንን ወስደው ማንጎው ሥር አቆሙ። ማን እንደላከን እስክናስረዳ እስከ 7፡00 ሰዓት ቆየን። ማንም አልነካንም፣ ማንም አልሰደበንም። ውሃና የተጠበሰ ዓሣ አቀረቡልን። አቶ ሙስጠፋም በልቷል፤ እንዲያውም ተጨምሮለት በልቷል። ይህ የግድ ይጻፍልኝ። በዚህ መሀል አቶ ኦቻን የእኔን ብስክሌት ፍሬን ጨበጥ አድርገው «የኋላው ላልቷል። በዚህ ቁልቁለት ትሞቻለሽ» አሉኝና ከቤታቸው ፒንሳ አምጥተው አጠበቁልኝ። የሚያግት ሰው ያገተውን ሰው ፍሬን ሲያጠብቅ እኔ ሰምቼ አላውቅም። የት እንደለመዱ ስጠይቃቸው በወጣትነታቸው በዚያው መንገድ ሥራ ላይ ጠጠር ሲያፈሱ እንደነበር፣ ኋላም በብስክሌት ለሠራተኞች ካምፕ ደብዳቤ ያደርሱ እንደነበር ነገሩኝ። «ይህን መንገድ የሠራሁት እኔ ነኝ። አንቺ ደግሞ ቁጥር ትሰጪዋለሽ?» አሉኝ። 27 ቁጥሩን ችካል ከክምሩ አንስቼ ያዝኩት። አቶ ሙስጠፋ ግን ቀድሞ ስልክ ደውሎ ስለነበር ፖሊስ መጥቶ ሽማግሌውን ወሰዳቸው። ዛሬ ስድስተኛ ቀናቸው ነው።

መርማሪው ታግተሻል ወይ ብለው ጠይቀውኛል። አልታገትኩም። ብስክሌቴን ያለ ፈቃዴ ወስደውብኛል ወይ ተብያለሁ። አዎ፣ እኔም ያለ ፈቃዳቸው ዛፋቸውን ቀብቻለሁ። ከሽማግሌው ጋር ዝምድና አለሽ ወይ ተብያለሁ። የለኝም። ቋንቋችንም አንድ አይደለም፣ የተግባባነው በአማርኛ ነው። ታዲያ ለምን ትከራከሪላቸዋለሽ ለተባልኩት ጥፋቱ የእኔ ስለሆነ ነው ብዬ መልሻለሁ።

ምልክቱን ማን አወደመ ለሚለውም ቁጥሩን በትክክል እሰጣለሁ። እሳቸው የነቀሉት ሠላሳ ስምንቱን ነው። የቀሩትን ሃያ ስድስት ጥር 12 ቀን ማክሰኞ፣ ጠራራ ፀሐይ ላይ፣ ሰው እያየኝ የነቀልኩት እኔ ነኝ። ቤዚም አግዛኛለች፣ ስሟን ጻፉት ብላኛለች። ማንጎው ላይ ያለውን ቀለም በሽቦ ብሩሽ ፈግፍጌ አጥፍቻለሁ። ችካል መንቀል ወንጀል ከሆነ እሳቸው ታስረው እኔ ውጭ የምሆንበት ምክንያት አይገባኝም፤ መዝገቡ ላይ እኔም ልጨመር። ለማስረጃ 27 ቁጥሩን ይዤ መጥቻለሁ።

መሥሪያ ቤቱ ያለ ችካል መንገድ የለም፣ ምልክቱን መልሰሽ ካልተከልሽ ፈቃድሽ ይሰረዛል ብሎ ጽፎልኛል። ይሰረዝ። ያን ሥራ እንደምወደው ያየኝ ሁሉ ያውቃል፣ ሲቀርብኝም ያመኛል። ግን አንድም ችካል አልተክልም። መንደሯ ጋ የደረሰ ብስክሌተኛ ይወርዳል፣ ሰላም ይላል፣ ልለፍ ብሎ ይጠይቃል፣ መንገዱን የሠሩት ሰውዬ ወዴት እንደሚታጠፍ ይነግሩታል። እሳቸው እዚህ ታስረው እኔ ቅዳሜ በደጃቸው እንግዳ እየመራሁ አላልፍም። ቅዳሜ መሪ የሚፈልግ ሰው ካለ ዛሬ ይፍታቸው።

የሰጠሁት ቃል በሳጅን ረታ ተነብቦልኝ እስከ መጨረሻው አዳምጫለሁ። ሁለት ቦታ «ታግተን» ተብሎ መጻፉን ስለሰማሁ «ቆይተን» ካልተባለ አልፈርምም ብዬ ታርሟል። ያልኩት ሁሉ እውነት ነው። ተናገሪ ብሎ ያስገደደኝ የለም፣ ተይው ያሉኝንም አልሰማኋቸውም።

የምስክሯ ፊርማ፦ ኛኪም ፑዎት (ተፈርሟል)
የመርማሪው ፊርማ፦ ሳጅን ረታ ጥዑመልሳን (ተፈርሟል)

የመርማሪው ማስታወሻ፦ ምስክሯ ያቀረበችው ቁጥር 27 ችካል በኤግዚቢትነት ተመዝግቦ ተይዟል። ከፈረመች በኋላ ወደ ቤቷ እንድትሄድ ቢነገራትም እስከ ቀኑ 9፡00 ሰዓት ድረስ ከጣቢያው በር አልተነሳችም። ሁለት ብስክሌት ይዛ ስለመጣች ሁለተኛው የማን እንደሆነ ተጠይቃ «አባት ኦቻን ሲፈቱ የሚሄዱበት ነው። ፍሬኑን አጥብቄዋለሁ» ብላለች።