ወላጅ አምጪ

ያን ቀን ዝናቡ ፀሐይ እያለች ድንገት ባይወርድ ኖሮ ሰዓት ሠሪውና አስተማሪዋ ባልተገናኙ፣ እኛም የምናወራው ባጣን ነበር። ዝናቡ ግን ወረደ። መንገደኛው ሁሉ ቦርሳውን አናቱ ላይ አድርጎ ሲራወጥ፣ አንዲት ወጣት ሴት ወደ አንዲት ጠባብ ሱቅ ደጃፍ ተጠጋች። ውስጥ፣ አንድ ዓይናቸው ላይ ማጉያ መነጽር የሰኩ አዛውንት ወረንጦ ይዘው ሆድ ዕቃው የተዘረገፈ የእጅ ሰዓት ላይ አጎንብሰዋል።

«ደጅ ቆሞ መበስበስ ምን ይሉታል? ግቢ እንጂ ልጄ!» አሏት ቀና ሳይሉ።

«እግዜር ይስጥልኝ ጋሼ። ደግሞ ሳይደግስ አይጣላም፤ ይኸው ሰዓቴም ሰሞኑን ወደኋላ እየቀረብኝ ነበር» አለችና ከእጇ ፈትታ አቀበለቻቸው።

እኚህን አዛውንት ሰፈሩ «ጋሽ ደቂቃ» ይላቸዋል። ደንበኛ ዘግይቶ ሲመጣ «ደቂቃ አሳለፍክ!» ሳይሉ ሰዓቱን አይሰጡትማ። ስሙን ያውቁታል፤ ያላወቁ ይመስላሉ። ያን ቀን ደግሞ ሆዳቸው በንዴት ተነፍቶ የሚተነፍሱበት ሰው እየፈለጉ ነበር።

«ልጅ አለሽ?» አሏት።

«የራሴ የለኝም፤ የሰው ግን ሞልቶኛል» አለች ፈገግ ብላ።

እሳቸው እንኳን ነገሩን ሊያጣሩ፣ መልሱንም በቅጡ አልሰሙት። «እኔ የልጅ ልጅ አለችኝ። የእናቷ ሥራ ሩቅ ስለሆነ ከእኔና ከባለቤቴ ጋር ነው የምታድገው። ፌንጣ ነው የምንላት፤ ቁጭ ማለት የሚባል ነገር አታውቅማ! በዚህ ዓመት እንዳው ስንት ጊዜ ‹ወላጅ አምጪ› ተባለች መሰለሽ። እሄዳለሁ፣ ተቆጣጣሪው ፊት እንደ ሌባ እቆማለሁ። ረበሸች፣ ገፋች፣ ሳትጠየቅ መለሰች ይለኛል። እቤት ገብቼ ጆሮዋን እቆነጥጣለሁ። በነጋታው ያው ናት። አሁንስ በቃኝ! ሰኞ ሄጄ አስወጣታለሁ። እዚሁ አጠገቤ ተቀምጣ ሰዓት መጠገን ትማር።»

«ፌንጣ? ሰዓት? በዚህ ወረንጦ?» አለችና ወጣቷ ሳቋ አመለጣት። ወዲያው ግን ኮስተር አለች። «ይቅርታ ያድርጉልኝ ጋሼ። ልደብቅዎ አልፈልግም፤ እኛም ክፍል ውስጥ ፌንጣ ነው የምንላት፤ አዲሷ የክፍል ኃላፊዋ እኔ ነኝ። የመጣሁት ገና ሰሞኑን ነው።»

ወረንጦው ከእጃቸው ወደቀ። በሆዳቸው «አፍ ሲያመልጥ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም» አሉ፤ ራሳቸውስ ከተመለጠ ቆይቷል።

«በይ እንግዲህ አንቺም ክስሽን ጀምሪ። ለምጄዋለሁ» አሏት።

«ክስ የለኝም፤ ጥያቄ ነው ያለኝ። ፌንጣ ጥሩ ነገር ስትሠራ ምን ይሏታል?»

«ምን እላታለሁ? ምንም! ጥሩ መሥራት ግዴታዋ ነው። ሰዓት በትክክል ስለቆጠረ ይመሰገናል እንዴ? ከቆመ ነው የሚከፈተው።»

በዚህ ነገር ጋሽ ደቂቃ ዕድሜ ልካቸውን ሰው ሲረቱበት ኖረዋል። አስተማሪዋ ግን አልተረታችም።

«ጋሼ፣ እርስዎ ዘንድ የሚመጣው የቆመው ብቻ ነው። በየሰው እጅ ላይ በትክክል የሚሄደውን አያዩትም። እኛም ትምህርት ቤት ያው ነን። ሰሌዳው ጥግ ላይ የረባሽ ስም ይጻፋል። ፌንጣ ስሟ መጀመሪያ ላይ ካልተጻፈ ታኮርፋለች! ምን ሆነሽ ነው ብዬ ብጠይቃት፣ ‹ስሜ ሌላ የሚጻፍበት ቦታ የለማ› አለችኝ።»

አዛውንቱ የወደቀውን ወረንጦ አንሥተው ጠረጉት፤ ንጹሕ ነበር፣ ደግመው ጠረጉት። ቢሆንም እንዲህ በቀላሉ እጅ የሚሰጡ ሰው አይደሉም።

«ይኼ የዘመኑ ነገር ነው። እኛን ማንም አላሞገሰንም፤ ይኸው ሰው ሆነናል። ያልተቀጣ ልጅ ሲቆጡት ያለቅሳል። ሳይደርቅ በርጥቡ፣ ሳይርቅ በቅርቡ ነው ያሉት አባቶች።»

«አበጁ! እኔም የምለው እሱኑ ነው። ታዲያ ቁጣውን በቅርቡ እያደረስን ምስጋናውን ለምን ለቀብር እናቆየዋለን? የሰው ደግነት የሚነገረው ከሞተ በኋላ አይደል?»

«አሃ! እና ስታጠፋ ዝም ልበላት?»

«ኧረ በፍጹም! ሁሉ ይሁንላት ከተባለማ ልጅቷ ጠፋች ማለት ነው። ቤትዎ ውስጥ ጥቂት ሕግ ይኑር፤ እሷም መክራበት ትስማማ። ስታፈርሰው ሳይጮኹ፣ ጆሮዋንም ሳይነኩ፣ ያበላሸችውን ራሷ ታስተካክል። የደፋችውን ታጽዳ፣ ያስቀየመችውን ይቅርታ ትጠይቅ። ጥሩ ስትሠራ ደግሞ ይያዟት።»

«ልያዛት? እንደ ሌባ?»

«እንደ ሌባ! እጅ ከፍንጅ!»

ጋሽ ደቂቃ ሳይወዱ በግድ ሳቁ። የሳቀ ሰው ደግሞ ለክርክር አይመችም። ቢሆንም ጣታቸውን ቀሰሩና «እሺ፣ ልሞክረው። ግን ‹ወላጅ አምጪ› የሚል ቃል አንድ ጊዜ እንኳን ከመጣ፣ ነገሩ እዚያ ላይ አለቀ። ይዣት እወጣለሁ» አሉ።

አስተማሪዋ ጥቂት አመነታች። አጉል ውል እንደሆነ ገብቷታል፤ ሰኞ ግን ከፊቷ ተደቅኗል። «ይሁን» አለች። ዝናቡ አባርቶ ነበር፤ ሰዓቷን ትታ ወጣች።

ጋሽ ደቂቃ አንድ ነገር ከጀመሩ በግማሽ ልብ አይሆንላቸውም። በማግስቱ ፌንጣ ገና ከአልጋ ስትወርድ «ጎበዝ!» አሉ። ፊቷን ታጠበች፤ «ጎበዝ!» ጫማዋን አጥልቃ አሠረች፤ «አንበሳ!» አስነጠሳት፤ «እሰይ! ጎበዝ!» ልጅቷ ቁርሷን ትታ ወደ ማድ ቤት ሮጠች።

«አያቴ፣ አባባ ሊሞት ነው እንዴ?» አለች ዓይኗ እንባ አቅርሮ። «ጎረቤታችን ያሉት ሽማግሌ ሊሞቱ ሰሞን እንዲህ ደግ ሆነው ነበር!»

አያትየው እስኪያስላቸው ሳቁ። ከዚያ ማማሰያቸውን እንደያዙ ብቅ አሉና ባላቸውን አፈጠጡባቸው። «ልጅቷን ምን አስደነገጥካት? ደግሞስ ይኼ ሁሉ ምስጋና ካለህ፣ ለእኔ ምነው አንዲት ጠብታ ነፈግከኝ? ሾርባው ጨው ሲበዛ ‹በዛ› ትላለህ፣ ሲያንስ ‹አነሰ› ትላለህ። ልክ ሲሆን ድምፅህን ሰምቼው አላውቅም!»

«ልክ ሲሆንማ እየበላሁ ነው» አሉ ጋሽ ደቂቃ፤ ባለቤታቸው ግን አልሳቁም።

አስተማሪዋ ሰዓቷን ልትወስድ ስትመጣ አኩርፈው ቆዩዋት። «መድኃኒትሽ አልሠራም። ልጅቷ ሬሳዬን ማልቀስ ጀምራለች!»

አስተማሪዋ የሆነውን ስትሰማ ጠረጴዛውን ተደግፋ ሳቀች። «ጋሼ፣ እንደ ዝናቡ በሁሉም ላይ አወረዱታ! ‹ጎበዝ› ሲበዛ ልጁ ማመኑን ይተዋል። የሠራችውን ነገር ራሱን ይንገሯት። እንዲህ አደረግሽ፣ ለእኔም እንዲህ ጠቀመኝ ይበሉ። ሲኖር ብቻ፤ ከሌለ ይቅር።»

ሰዓት ሠሪው ይህን ወደዱት። ነገርን ከነብሎኑ ለይቶ መናገር የሙያቸው ነውና።

ያን ሰሞን ፌንጣ ከትምህርት ቤት ስትመለስ እሳቸው ሱቅ ወለል ላይ ተንበርክከው አገኘቻቸው። ከጤፍ የማትተልቅ ብሎን ጠፍታባቸው ላብ አጥምቋቸዋል። ልጅቷ ደፉ ላይ ቆመች፤ እንደ ወትሮዋ ዘላ አልገባችም። ዓይኗን ወዲያና ወዲህ አንከራተተችና ከወንበሩ እግር ሥር ብሎኗን በጣቷ ጫፍ አነሣቻት። «ይቺ ናት?»

እጅ ከፍንጅ! አዛውንቱ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «ዘለሽ ብትገቢ ኖሮ ትረግጫት ነበር። ቆም ብለሽ አየሽና አገኘሽልኝ። እኔ እስኪመሽ አላገኛትም ነበር።»

በዚህ ጊዜ ፌንጣ ሊሞት ነው እንዴ ብላ አልደነገጠችም። ይልቁንስ ሌላ የጠፋ ነገር ይኖር እንደሆነ ጠረጴዛው ሥር ሁሉ መፈለግ ጀመረች።

ነገሩ ሁሉ ግን አልጋ በአልጋ አልነበረም። አንድ ቀን ቤት ውስጥ ኳስ ስትለጋ ሙሉ ባልዲ ውሃ ደፋች። የጋሽ ደቂቃ እጅ በልማዱ ወደ ጆሮዋ ተወረወረ። መንገድ ላይ ነገሩ ትዝ አላቸውና ያው እጅ ዞሮ ራሰ በራቸውን አከከ። «ሕጋችን ምን ነበር?» አሉ ጥርሳቸውን ነክሰው። «ኳስ ደጅ» አለች ፌንጣ፤ መወልወያውንም ራሷ አመጣች። ትምህርት ቤትም አስተማሪዋ የረባሹን ስም ከሰሌዳው ጥግ አጥፍታ፣ በቦታው ሰው የረዳ ልጅ ስም ይጻፍበት ጀመር። ቁጭ ማለት ላልሆነላት ፌንጣ ደብተር የማደል ሥራ ሰጠቻት። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል።

ነገሩ እንዲህ እየተሻሻለ ሳለ አንድ ቀን ፌንጣ እያለቀሰች መጣች። ሱቁ ደፍ ላይ ቆማ መግባት ፈራች።

«ምን ሆንሽ?»

«ተቆጣጣሪው…» አለች ሳግ እየተናነቃት፣ «‹ነገ ወላጅ አምጪ!› አለኝ። አባባ ሙት፣ ምንም አላደረግኩም!»

የዚያን ቀን ራት ለሦስቱም አልተዋጠላቸውም። አዛውንቱ ቃላቸውን አልረሱም፤ ቃላቸውን የሚያጥፉ ሰው አይደሉም። የገረማቸው ግን የራሳቸው ልብ ነው። ያን ጊዜ ሰኞን በጉጉት ሲጠብቁ የነበሩት ሰውዬ፣ አሁን ነገ ባይነጋ በወደዱ። ደብተር ማደሉን ስታወራ ፊቷ እንዴት እንደሚበራ አይተዋላ! ከዚያ ሊነጥቋት ነው። ያለአመላቸው ሾርባውን ቀምሰው ምንም ሳይሉ ተነሡ።

በማግስቱ ፌንጣን አስከትለው ሄዱ። ተቆጣጣሪው አንገቱ ላይ ፊሽካ ያንጠለጠለ ረጅም ሰው ነው። አስተማሪዋም አጠገቡ ቆማለች። ሰዓት ሠሪው እንደ ልማዳቸው እጃቸውን ወደኋላ አጣምረው ቆሙ። ልጅቷ መሬት መሬት ታያለች።

«ልጅዎ…» አለና ተቆጣጣሪው አሳለው። «እንዴት ልበልዎ… የውሃው ቧንቧ ጋ ትልልቆቹ እየተጋፉ ትንንሾቹ ከነጥማቸው ነበር የሚመለሱት። ትናንት ይቺ ልጅ ፊት ቆማ ‹ተሰለፉ! ትንንሾቹ ይቅደሙ!› አለች። ተሰለፉ። እኔ ፊሽካዬን እንኳ አልነፋሁም። እሷ የጠጣችው መጨረሻ ላይ ነው።»

«ታዲያ ጥፋቷ ምንድን ነው?»

«ጥፋት የለባትም።»

«ጥፋት ከሌለ ለምን ተጠራሁ?»

ተቆጣጣሪው በጭንቅ ወደ አስተማሪዋ ተመለከተ። «እሷ ናት አያቷ ይምጡና ይስሙ ያለችኝ። እኔ እንደሆንኩ ወላጅ የምጠራበት አንድ ድምፅ ብቻ ነው ያለኝ።»

አስተማሪዋ እጇን አፏ ላይ ጫነች፤ ከዚያ ጎንበስ ብላ «ይቅርታ የኔ እናት። የደስታ ጥሪ ነበር፤ እኛ ነን ያስለቀስንሽ» አለቻት።

ጋሽ ደቂቃ ወደ ልጅቷ ዞሩ። ዕድሜ ልካቸውን ጥቃቅን ነገር ሲለቅሙ የኖሩ ሰው፣ አሁን ደግሞ ቃል አንድ በአንድ ለቀሙ።

«ጠምቶሽ ሳለ ትንንሾቹን አስቀደምሽ። ማንም ሳያዝሽ። እኔ… እኔ ኮራሁብሽ ልጄ።»

ፌንጣ ቀና አለች። ዓይኗ ገና እርጥብ ነው፤ አፏ ግን ሳቅ ጀምሮታል። «አባባ፣ አሞሃል እንዴ?»

«ድኛለሁ» አሉ ጋሽ ደቂቃ።

አስተማሪዋም በቀስታ «ጋሼ፣ ወላጅ አምጪ ተብላለች። ቃልዎስ?» አለቻቸው።

«ቃሌን ዝናቡ ወሰደው!» አሉና ተቆጣጣሪውን ጨብጠው ወጡ።

ከዚያ ወዲህ በዚያ ትምህርት ቤት ወላጅ ለጥፋትም ለልማትም ይጠራል። ተቆጣጣሪው ሁለተኛውን ድምፅ ለመልመድ ጥቂት ቢቸገርም ለመደው። ሲጠሩ ከሥራ የሚደበቁ የነበሩ አባቶች አሁን ሸሚዛቸውን ተኩሰው ይመጣሉ። ቧንቧው ጋ መጋፋት ቀረ፤ ልጆቹ ሳይነገራቸው የሚሰለፉት መመታትን ፈርተው ሳይሆን መታየትን ወድደው ነው። ጥፋት አልጠፋም፤ ልጅ ልጅ ነው። ያጠፋው ግን አሁን መደበቁን ትቶ መጥቶ ይናገራል፣ ያበላሸውንም ያቀናል። ቤትና ትምህርት ቤት በአንድ ቃል ሲናገሩ ልጁ የቱን ልስማ ብሎ አይቸገርም። እናንተ ይህን የምታነቡም፣ ዛሬ ከቤታችሁ አንዱን ልጅ እጅ ከፍንጅ ብትይዙት አትከስሩም።

ለነገሩ ልጅ ብቻ አይደለም። ያን ዕለት ማታ ሦስቱ ራት ቀርበው ሳለ፣ ጋሽ ደቂቃ ከሾርባው አንድ ማንኪያ ወሰዱና ፊታቸውን ኮስተር አደረጉ።

«ጨዉ…» አሉ።

ባለቤታቸው ማማሰያቸውን ጨበጡ።

«…ልክ ነው። ሾርባሽ ሁልጊዜም ልክ ነበር፤ አፌን ነው ጨው ያነሰው።»

አያትየው ማማሰያውን አስቀምጠው በነጠላቸው ጫፍ ዓይናቸውን ጠረጉ፤ ፌንጣ ግን ከወንበሯ ዘላ ተነሣችና ጣቷን ቀስራ እንደ ተቆጣጣሪው ድምፅዋን አጎረነነች።

«አባባ! ነገ ወላጅ አምጣ!»